«አና ከሰር» ከማለትሽ በፊት

ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ምሳው ተነሥቷል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ እግርሽን ለአፍታ ልታሳርፊ ቁጭ ብለሻል። ትንሹ ልጅ በእጁ ይዞ የሚጫወትበትን ጌም አንጠልጥሎ ይመጣና በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ካልታየልኝ ብሎ ያለቅሳል። እናቱ ከመኝታ ክፍሏ ሆና «ወስሊ ለህ!» ትልሻለች፤ አገናኚለት ማለቷ ነው። ኮንትራትሽ ላይ ማብሰል፣ ማጽዳትና ልጅ መጠበቅ ተጽፎ ይሆናል። ጌም ማገናኘት ግን የትም ቦታ አልተጻፈም። ቢሆንም ሥራው መጣብሽ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። በትርጉም ሥራዬ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ስቆም ደጋግሜ የማየው ጭቅጭቅ ከእንዲህ ያለ ዕቃ የሚነሣ ነው፦ የማይሠራ ሪሞት፣ የተቀነጠሰ ገመድ፣ የጠፋ ቻርጀር፣ «እሷ ነክታው ነው የተበላሸው» የተባለ ጌም። የወር ደመወዝሽ 1000 ሪያል ከሆነ ያ በልጁ እጅ ያለው ጌም የአንድ ወር ድካምሽን ሊያክል፣ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ጂዛን ከተማም ሁኚ ሰብያ፣ አቡ ዓሪሽም ሁኚ ሳምጣ ወይም አል ቱዋል፣ ይህን ጉዳይ የልጅ ጨዋታ ብለሽ አትለፊው።

አንዳንድ እህቶች «አለመንካት ነው የሚሻለው፤ ማ አዕሪፍ ብሎ መገላገል» ይላሉ። ይገባኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ልክ ናቸው። ነገር ግን ልጁ ነገም ያለቅሳል፣ ማዳምም ነገ ትጠራሻለች። ያን ጊዜ ሳታውቂ ትነኪዋለሽ፣ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። የእኔ አስተያየት ሌላ ነው፦ ዕቃውንም ቃሉንም እወቂ። የሚያውቅ ሰው ላይ ጥፋት መለጠፍ ይከብዳል።

ከዕቃው እንጀምር። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ በእጅ የሚያዝ ጌም ሁሉ ከቴሌቪዥን ጋር እንደማይገናኝ ነው። በሳውዲ ቤቶች በብዛት የምታዪው ኒንቴንዶ ስዊች በማርች 2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እሱ ከነመቀመጫው ይሸጣል፣ ከቴሌቪዥንም ጋር ይገናኛል። በሴፕቴምበር 2019 የወጣው ስዊች ላይት ግን በእጅ ለመጫወት ብቻ የተሠራ ነው። ምንም ዓይነት ገመድ ብትሰኪበት ምስሉ ወደ ቴሌቪዥን አይሄድም። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። በትልቁ ስዊች ግራና ቀኝ ያሉት መጫወቻዎች ተንሸራተው ይወልቃሉ፤ የላይት ግን ከአካሉ ጋር አንድ ወጥ ነው፣ መጠኑም አነስ ይላል። ልጁ የያዘው ላይት ከሆነ የአንቺ ድክመት የለበትም፣ ዕቃውም አልተበላሸም። ሲሠራ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። በኖቬምበር 2023 የወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታልም እንዲሁ ነው፤ በዋይፋይ ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር ይሠራል እንጂ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አይያያዝም።

የሚገናኘው ዓይነት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መቀመጫውን ከጀርባ ስትከፍቺው ክዳን አለ። በመጀመሪያው ስዊች ላይ ከክዳኑ ሥር ከላይ የመብራት ገመድ መሰኪያ፣ ከታች ደግሞ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ሰፋ ያለ የምስል ገመድ መሰኪያ ታገኛለሽ። የመብራቱን ገመድ በላይኛው፣ የምስሉን ገመድ አንድ ጫፍ በታችኛው፣ ሌላውን ጫፍ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ጎን ትሰኪያለሽ። ከዚያ ጌሙን ፊቱን ከመቀመጫው ፊት ጋር አንድ አቅጣጫ አድርገሽ፣ ሳትገፊ፣ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ታስቀምጫለሽ። ምስሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያልፍ መቀመጫው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ ጌሙ መቀመጫው ላይ ሲገባ የራሱ ስክሪን ይጠፋል። ልጁ «ኸርባን!» ብሎ ሊጮኽ ይችላል። አልተበላሸም። ምስሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ስለተላለፈ ነው፤ ስታወጪው ተመልሶ ይበራል። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ካልታየ ደግሞ በሪሞቱ «መስደር» የሚለውን ተጫኚ፤ ምንጭ ማለት ነው። የምስሉን ገመድ በ1 ቁጥር ሰክተሽ ቴሌቪዥኑ 2 ቁጥርን እያየ ከሆነ እስከ ማታ ብትጠብቂም አይመጣም። ሌላው የተለመደ ችግር ቻርጀር ነው። ከጌሙ ጋር የመጣው ቻርጀር ከተራ የስልክ ቻርጀር የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ጫፉ ስለገባ ብቻ የስልክ ቻርጀር ብትሰኪ ምስል ላይወጣ ይችላል። በጁን 2025 የወጣው ስዊች 2 ደግሞ የራሱ መቀመጫ አለው፤ በአሮጌው መቀመጫ አይሠራም። ቤት ውስጥ ሁለቱም ካሉ አታደባልቂ።

የጂዛን አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ወበቁ ከባድ ነው፣ በበጋ ደግሞ አቧራ የተሸከመው ነፋስ ይነሣል። መሰኪያዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊ፣ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን አንሺ። ጌሙ ላይ አናቱ በኩል ሙቀት የሚያስወጣበት ቀዳዳ አለ። ለጌጥ ተብሎ ዳንቴል ቢደረብበት ይታፈናል። ገመድ ስትነቅይም ጫፉን ይዘሽ እንጂ ገመዱን ጎትተሽ አይሁን።

አሁን ወደ ቃሉ። ዓረብኛ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ስወጣ ጂዛን ውስጥ ሰው በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ በመጽሐፉ ከተማርኩት እንደሚለይ የገባኝ እዚሁ ነው። አንቺም ከመምጣትሽ በፊት ጥቂት ቃላት ተምረሽ ከነበረ አንድ ነገር ሳያደናግርሽ አይቀርም። በዚህ አካባቢ፣ በተለይ በቲሃማ ገጠሮችና በትልልቅ ሰዎች አፍ፣ «አል» የሚለው የቃል መነሻ «አም» ይሆናል። አልበይት የነበረው አምበይት ይሆናል፣ አልባብ የነበረው አምባብ። ስለዚህ አያትየው ወይም አሮጊቷ ስለ «አምሲልክ» ብትጠይቅሽ አዲስ ቃል አይደለም፤ ሲልክ፣ ማለትም ገመድ ናት። ይህ አነጋገር የጥንት የዓረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ከየመን ሰዎች ሰምተው የመዘገቡት ነው። ስሕተት አይደለም፣ ሊያስቅም አይገባም።

ለዚህ ሥራ የሚበቁሽ ቃላት ከአሥር አይበልጡም። ሻሻ ቴሌቪዥኑ ወይም ስክሪኑ ነው፤ ሻሒን ቻርጀሩ ነው። ሁለቱ ለአዲስ ጆሮ ይመሳሰላሉና ተጠንቀቂ። ፊሽ የመብራት መሰኪያው፣ ተውሲላ ማራዘሚያው ነው። ሸግሊ አብሪ፣ ጠፊ አጥፊ፣ ወስሊ አገናኚ ማለት ነው። ልጁ «ዌን አልየድ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ደግሞ እጅሽን አታሳዪው፤ የድ እጅ ማለት ቢሆንም የጌሙን መጫወቻም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ጌም «ሶኒ» ይለዋል። ማዳም «ሶኒ» ብትልም የትኛውን ዕቃ እንደሆነ በጣትሽ ጠቁመሽ አረጋግጪ።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን አንድ ነው። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ብዙዎቻችሁ «አና ከሰር» ስትሉ እሰማለሁ። በልባችሁ «እኔ ባለሁበት ተሰበረ» ወይም «ተሰብሮ አገኘሁት» ማለታችሁ ነው። የሚሰማው ሰው ግን «እኔ ሰበርኩት» ብሎ ነው የሚረዳው። በአማርኛ «ሰበርኩ» እና «ተሰበረ» የተለያዩ እንደሆኑ ሁሉ በዓረብኛም ይለያያሉ። በራሱ ለተሰበረ ነገር «ኢንከሰር» ይባላል። ከመጀመሪያው የማይሠራ ከነበረ «ማ ዪሽተግል ሚን ገብል» በይ፤ ከፊትም አይሠራም ነበር ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወር ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው እንድትዋሺ አይደለም። በእርግጥ ከእጅሽ ወድቆ ከሆነ «ጣሕ ሚን የዲ»፣ ከእጄ ወደቀ በይ። እውነቱን ተናገሪ፣ ግን ያላደረግሽውን በቋንቋ ጉድለት በራስሽ ላይ አትመስክሪ።

ለምን እንዲህ አከርራለሁ? ሕጉ ራሱ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ስለሆነ ነው። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ከደመወዝ የሚቆረጥባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል። የዕቃ ጉዳት ከእነዚያ አንዱ ነው፤ ሠራተኛዋ ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ያጠፋችው ከሆነ። አርጅቶ የቆመ ገመድ ቸልተኝነት አይደለም። ከቴሌቪዥን ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ የተሠራ ጌም አለመገናኘቱም ቸልተኝነት አይደለም። ሕፃኑ መሬት ላይ የወረወረውም የአንቺ ጥፋት አይሆንም። ነገር ግን ይህን የሚናገርልሽ ሰው ከሌለ፣ አንቺም «አና ከሰር» ካልሽ፣ ነገሩ እዚያው ቤት ውስጥ ተቆርጦ ያልቃል።

ስለዚህ ልማድ አድርጊው፦ አዲስ ወይም ውድ ዕቃ ከመንካትሽ በፊት ማዳምን ጥሪያትና «ሹፊ» በያት፤ እይ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ጭረት ካለ፣ የገመዱ ጫፍ ከተጣመመ፣ እሷው በዓይኗ ትየው። «ፎቶ ባነሣውስ?» የምትይ እህት ትኖሪ ይሆናል። በዚህ ላይ ተጠንቀቂ። የሳውዲ የኢንተርኔት ወንጀሎች ሕግ፣ በ2007 የወጣው፣ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ይቀጣል። ሳሎኑን፣ ልጆቹን ወይም ማዳምን የሚያሳይ ቪዲዮ ራስሽን ለማዳን ብለሽ ብታነሺም በአንቺው ላይ ሊዞር ይችላል። የማዳም ዓይን ከስልክሽ ካሜራ ይሻልሻል።

ገደብሽንም እወቂ። ማገናኘት አንድ ነገር ነው፣ መጠገን ሌላ ነው። ቢላ ይዘሽ ክዳን አትክፈቺ፣ ገመድ በፕላስተር አትጠግኚ። ልጁ «ይህን ተጫኚልኝ» ብሎ «ሺራእ» የሚል ጽሑፍ ቢያሳይሽ አትጫኚ፤ ግዢ ማለት ነው፣ የአባትየው የባንክ ካርድ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃል ቢነግሩሽም አትያዢ። በዚያ ላይ የሰዓት ጉዳይ አለ። በረመዳን ልጆቹ እስከ ሱሁር ሲጫወቱ አንቺ ገመድ ጠባቂ ሆነሽ የምታድሪበት ምክንያት የለም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ ደንብ የቀን ሥራን በ10 ሰዓት ይገድባል፣ በሳምንትም የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል። ጌም ሲያበሩ መቆምም ሥራ ነው፣ ይቆጠራል።

ያላግባብ ደመወዝ ከተቆረጠብሽ በሙሳነድ በኩል በኮንትራት የመጣሽ ከሆንሽ የሳውዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴርን በ19911 ማነጋገር ትችያለሽ። ጂዛን ላለን ቅርቡ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ጅዳ ያለው ነው። በየመን በኩል ያለ ኮንትራት የመጣሽ እህቴ ደግሞ በዚህ ሁሉ ካንቺ ጋር ያለው ጥበቃ ቀጭን መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ለዚህም ነው ቃሉና ጥንቃቄው ከሌላው ሰው ይልቅ ላንቺ የሚያስፈልግሽ።

አንድ ነገር ለአገር ቤትም ልበል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ስለሚሄዱ ዜጎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቃል፤ ለዚህም ተጓዦች ሥልጠና ይወስዳሉ። ልብስ ማጠቢያ፣ ምድጃና መጥረጊያ ማሽን ማሳየት ጥሩ ነው። ግን በዛሬ የሳውዲ ቤት ውስጥ ሠራተኛዋ ከልጆች ጋር የምትውለው በጌሙና በቴሌቪዥኑ ዙሪያም ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ ገመዶች፣ ሌላ አንድ ደግሞ ለ«ኢንከሰር» እና ለ«ከሰርት» ልዩነት ቢሰጥ ብዙ ደመወዝ ከመቆረጥ ይተርፋል። ከቆዩ እህቶች ይህን የሚያስተምር አይጠፋም።

እስከዚያው ግን ማስተማሩ የእኛ ነው። አዲስ የመጣች ጎረቤት ሠራተኛ ካለች በስልክ ሦስት ቃላት ንገሪያት፦ ሹፊ፣ ኢንከሰር፣ ሚን ገብል። ገመዱን እያየች ትማረዋለች፤ እነዚህን ቃላት ግን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።