አምስት ቀን ወይስ አምስት ሳምንት? ጨረርና ሊምፎሳይት በሬክተም ካንሰር

በሬክተም፣ ማለትም በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ለሚነሣ ካንሰር የሚሰጠው የጨረር ሕክምና የምርምር አቅጣጫው እየተለወጠ ነው። ቀድሞ ዋናው ጥያቄ ጨረሩ ምን ያህል የዕጢ ሕዋሳት ይገድላል የሚል ነበር፤ ዛሬ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ተጨምሯል። መልሱ ሁለት ገጽታ አለው። በጨረር የሚሞቱ የዕጢ ሕዋሳት የሚለቋቸው ንጥረ ነገሮች ሊምፎሳይቶችን ወደ ዕጢው ሊጠሩ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ሊምፎሳይት በጨረር በቀላሉ ከሚጎዱት ሕዋሳት አንዱ ሲሆን፣ ጨረሩ የሚያርፍበት የዳሌ አጥንትም ደም አምራች መቅኔ ይዟል።

አሰጣጡ በዋናነት ሁለት ነው፤ አጭሩ 25 ግሬይ በ5 ቀን፣ ረጅሙ ከ45 እስከ 50.4 ግሬይ በ5 ሳምንት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ በታተመው ዩኒየን በተባለው የቻይና ሙከራ፣ ከአጭሩ ጨረር በኋላ ከኬሞቴራፒ ጋር ካምሬሊዙማብ የተሰኘው፣ በሊምፎሳይቶች ላይ የተጣለውን እገዳ የሚያነሣ መድኃኒት ተሰጠ። በቀዶ ሕክምና በወጣው አካል ዕጢ ያልተገኘባቸው ታካሚዎች 39.8 በመቶ ሲሆኑ፣ በረጅሙ ጨረር ቡድን 15.3 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ ራፒዶ የተባለው የአውሮፓ ሙከራ በ5 ዓመት ክትትሉ፣ አጭሩን ጨረርና ኬሞቴራፒ ባገኙት ዘንድ ዕጢው በዚያው አካባቢ ይበልጥ መመለሱን አሳይቷል።

ከአቃቂ ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚመላለስ ታካሚ የሁለቱ ልዩነት የ5 ቀን ወይም ከ25 ቀን ያላነሰ ጉዞ ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ጅማና ሐረማያ የተጨመሩት በቅርቡ ነው። የዓለም ምርምር የሚሮጥበት መድኃኒት ግን ለዚህ ታካሚ ውድ ነው። የሌላ አገር የሊምፎሳይት መለኪያም ኤችአይቪ፣ ሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ጥገኛ ትላትል ባሉበት ማኅበረሰብ እንዳለ ይሠራል ብሎ መቀበል አይገባም።

ስለዚህ ውድ መሣሪያ ከመጠበቅ በእጃችን ካለው እንጀምር። የሊምፎሳይት ቁጥር በተለመደው የደም ምርመራ ውስጥ ይገኛል። ከጨረር በፊት፣ በፍጻሜውና ከወር በኋላ ከጨረሩ መጠንና ከቀዶ ሕክምናው ውጤት ጋር ይመዝገብ። የናሙና ብሎኮችም ይቀመጡ፤ ወደ ዕጢው የገቡ ሊምፎሳይቶች በተራ ማይክሮስኮፕ ይገመታሉና።

እንዲህ ያለው መዝገብ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ለደካማ ታካሚ አጭሩ ጨረር ተመርጦ ሊሆን ይችላልና ንጽጽሩ ይዛባል። ሆኖም የራሳችንን መነሻ ልኬት ይሰጠናል። ያለ እርሱ አምስት ቀን ይሁን አምስት ሳምንት የሚለውን ጥያቄ የምንመልሰው በሌሎች ታካሚዎች ደም ነው።