ግድግዳ ላይ የተሳለው ድስት

በቀደም ለአንድ ወዳጄ፣ ለልጁ የልደት ቀን መጽሐፍ ልገዛ እንዳሰብኩ ነገርኩት። "የቱን?" አለኝ። "ፒኖኪዮን" አልኩት። ሳቀብኝ። "ኧረ ተወው! ፊልሙን ስንቴ አይቶታል መሰለህ!"

ይህቺ "ፊልሙን አይቶታል" የምትባል ነገር ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመንም ታበግነኝ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ "ተናጋሪው ፌንጣ ምን ሆነ?" ብዬ ብጠይቅ፣ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ "የፒኖኪዮ ጓደኛና መካሪ ሆነ" አሉኝ። "የለም፣ ፒኖኪዮ መዶሻ ወርውሮ ገደለው" ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ቀልድ አይደለም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1883 በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ባወጣው ታሪክ፣ ፌንጣው ገና በ4ኛው ምዕራፍ ምክር ጀመረና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዋልት ዲስኒ በ1940 ባወጣው የካርቱን ፊልም ግን ይኸው ፌንጣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ይዞ የልጁ ኅሊና ሆኖ ይሾማል። በመጨረሻም ባለ 18 ካራት የወርቅ ኒሻን ይሸለማል።

የእኔ ጠብ ከፌንጣው ጋር አይደለም። ፊልም ከመጽሐፍ ቢለይ አይፈረድበትም፤ ሥዕሉም ዛሬም ድረስ ያምራል። ጠቤ ፊልሙ ከመጽሐፉ መርጦ ካወጣው ነገር ጋር ነው። ያወጣው ረሃብን ነው።

እስቲ የአናጢውን የጄፔቶን ቤት እንይ። በመጽሐፉ አንድ ክፍል፣ አንድ መናኛ አልጋ፣ አንድ የተሰበረ ጠረጴዛ ነው። ግድግዳው ጋ እሳት ይነዳል፤ እሳቱ ላይ ድስት ይንተከተካል። ሁለቱም ሥዕል ናቸው! ፒኖኪዮ ሲርበው ድስቱን ሊከፍት ይሮጣል፤ እጁ ግድግዳ ይነካል። ጄፔቶ ለራሱ ቁርስ ያስቀመጣቸውን ሦስት ፍሬዎች ሲሰጠው፣ ካልተላጡ አልበላም ብሎ ይቀብጣል፤ ቆይቶ ልጣጩንም እምብርቱንም ሙልጭ አድርጎ ይበላል። አባትየው የፊደል መቁጠሪያ የሚገዛበት ቢያጣ በበረዶ ቀን ኮቱን ይሸጣል፤ ሲጠየቅም ሙቀት ስለበዛበት እንደሸጠው ይናገራል። ይህን ያነበበ ልጅ ድህነት ምን እንደሆነ፣ ፍቅርም ምን እንደሚያስከፍል ሰባኪ ሳያስፈልገው ይገባዋል።

የፊልሙ ጄፔቶ ደግሞ ሰዓትና የሙዚቃ ሣጥን በሞላበት ደስ የሚል ቤት ከድመቱና ከዓሣው ጋር ይኖራል። ረሃብ ብቅ የሚለው በዓሣ ነባሪው ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱም ብዙ አይቆይም። ሽማግሌው ልጅ ሲያምረው ለኮከብ ይመኛል፤ አሻንጉሊቱም ይነቃል። ስለዚያ ምኞት የሚዘፈነው ዘፈን ኦስካር ተሸለመ፤ የኩባንያውም መለያ ዜማ ሆነ። ለመሆኑ ተመኝቶ፣ ተመኝቶ ያልተሳካለት ልጅ ምን ሊባል ነው? አጥብቀህ አልተመኘህም?

"ልጆች ይፈራሉ" የሚሉኝ አሉ። ኮሎዲ መጀመሪያ ታሪኩን የጨረሰው ፒኖኪዮን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ነበር። አንባቢዎቹ ይቀጥልልን ስላሉ ነው የተመለሰበት። የሚፈራውስ ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው፤ ልጁ "እነዚያስ ለምን ይርባቸዋል?" ብሎ እንዳይጠይቀው።

ዋናው ነገር ግን መጨረሻው ነው። ከፒኖኪዮ ጋር ወደ መጫወቻው አገር ሄዶ አህያ የሆነውን ጓደኛውን ታስታውሱታላችሁ? ፊልሙ እዚያው ጥሎት ይሄዳል፤ ዳግመኛ ስሙ አይነሣም። መጽሐፉ አይረሳውም። ፒኖኪዮ ለታመመው አባቱ አንድ ብርጭቆ ወተት ፍለጋ አንድ አትክልተኛ ዘንድ ይሄዳል። ዋጋው 100 ባልዲ ውኃ መሳብ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መሳቢያውን ሲያዞር የኖረው አህያ በረሃብና በሥራ ብዛት ጭድ ላይ ወድቆ ያጣጥራል። ያ አህያ ጓደኛው ነው። ፒኖኪዮ ጓደኛው የሞተበትን ሥራ ተረክቦ ከአምስት ወር በላይ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ መሳቢያውን ያዞራል። ማታ ማታ ቅርጫት ይሠራል። ለልብስ ያጠራቀማትን 40 ሶልዲ ደግሞ ለታመመችው እናቱ፣ ለጠንቋይቱ ይልካል። ሰው የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በፊልሙም አባቱን ሊያድን ሕይወቱን ይሰጣል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጎበዝ፣ አንድ ቀን ጀግና መሆንና አምስት ወር ሙሉ በጨለማ መነሣት አንድ አይደሉም። ጎህ ሳይቀድ ውኃ የሚቀዳ ልጅ ደግሞ በእኛ አገር ተረት አይደለም። ያ ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ያገኛል። በፊልሙ ውስጥ ግን የለም።

ለወዳጄ ልጅ መጽሐፉን ገዛሁለት። ፊልሙንም ይየው፤ ያምራል። የጄፔቶ ግድግዳ ላይ ያለው ድስትም ያምር ነበር።