ሴሰኛው የት ገባ?

ሰሞኑን ማታ ወሎ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለው ልጅ በአጠገባችን የምታልፍን አንዲት ወጣት «ቆንጆ፣ ስሚኝማ!» አላት። ዝም ብላ አለፈች። አስር እርምጃ እንኳን ሳትርቅ «ሂጂ ወደዚያ፣ ሸርሙጣ!» አላት። ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን አንድ ቃልም አልተነፈስኩም። የዚያ ዝምታ ዕዳ አለብኝ።

እስቲ ነገሩን እንየው። ልጅቷ ምን አደረገች? እምቢ አለች። በቃ። ስድቡ «ከመጣው ሁሉ ጋር ትሄጃለሽ» ማለት አይደል? የተሰደበችው ግን አልሄድም ስላለች ነው! ስለዚህ ቃሉ ስለ ዝሙት አያወራም። ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው።

ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ከእናቴ ነው። አባቴን ፈትታ ካዛንቺስ ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ቀን በውሃ ወረፋ የተጣላቻት ጎረቤት «ጋለሞታ!» አለቻት። ስምንት ዓመቴ ነበር። ማታ «እማዬ፣ ጋለሞታ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባል የሌላት ማለት ነው» አለችኝ።

ካደግኩ በኋላ፣ ልጅ ስለሆንኩ የዋሸችኝ መስሎኝ ነበር። አልዋሸችም። በገጠሩ አማርኛ ጋለሞታ ገላዋን የምትሸጥ ብቻ አይደለችም፤ ፈት ሆና በራሷ ቤት የምትኖረውም ጋለሞታ ትባላለች። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለን ስናበቃ፣ የብቻ ኑሮ ራሱ ጥፋት ሆነ። ሴተኛ አዳሪ የሚለውንም ተመልከቱት። «አዳሪ» እንደ ሠርቶ አዳሪ፣ ለምኖ አዳሪ፣ የኑሮ ቃል ነው። ሸርሙጣ ደግሞ ከአረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ቡትቶ ጨርቅም ማለት ነው። ለሴቷ ከራሳችን ቋንቋ አልበቃ ብሎን ከጎረቤት ተበድረናል።

ለወንዱስ?

«ሴት አውል» እንለዋለን፤ እንደ ሙያ። ስንለው ፈገግ እንላለን፣ እሱም አይከፋውም። «ወንዱንም ሸርሙጣ እንላለን እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ግን «ወንድ ሸርሙጣ» ብለን ነው። ስድቡ የሷ ነው፤ እሱ ተውሶ ነው የሚለብሰው።

እንግሊዞች አንድ ጊዜ ለወንዱ የሚሆን ቃል ነበራቸው፦ ሆርሞንገር። «ሞንገር» ነጋዴ ነው፤ ዓሣ ሻጩ ፊሽሞንገር ይባላል። ሆርሞንገር ግን የሚወርደው ሴት እያሳደደ በሚያመነዝረው፣ ከፍሎ በሚገባው ወንድ ላይ ነበር። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ዛሬ ያረጀ ቃል ነው፤ መንገድ ላይ አትሰሙትም። የሴቷ ስድብ፣ «ሆር»፣ ግን እስከ ዛሬ በየዘፈኑ አለ። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ የሞተው የወንዱ ነው።

እኛም ያው ነን። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንግሊዝኛው ሆርሞንገር ባለበት ቦታ «ሴሰኛ» ይላል። ቃሉ አለን ማለት ነው! እሑድ ሲነበብ እንሰማዋለን። ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ማን ነው ወንድን «አንተ ሴሰኛ!» ያለው? የሱን ቃል መጽሐፉ ውስጥ ትተን፣ የሷን ይዘን ወጣን።

ሕጉ እንኳን ከአፋችን ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን፣ በሱ የሚተዳደረውን ይቀጣል። እኛ ግን ደላላውን «ወንድሜ»፣ ደንበኛውን «ጋሼ» እንላለን። ስድቡን በሙሉ ለሷ።

አንዳንዱ «ስድቡ ከቀረ ብልግና ይስፋፋል» ይላል። እንዴ! ስድቡ ስንት ዘመን ኖረ፤ የካዛንቺስን ቡና ቤቶች ባዶ አደረገ? ደንበኛው ማንም ስም ስላላወጣለት ተዝናንቶ ገብቶ ተዝናንቶ ወጣ። ቡና ቤቶቹን የዘጋው የ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ነው። እኛ የነበርንበትም ቤት አብሮ ፈርሷል። «ጋለሞታ» ግን አልፈረሰም።

ሁሉንም እኩል እንሳደብ እያልኩ አይደለም። የምለው አጭር ነው። ስድቡ ስለ ሥነ ምግባር ነው ካላችሁ፣ «ሴሰኛ»ን አውጡና መጀመሪያ ጓደኛችሁን ጥሩት። ካፈራችሁ፣ ነገሩ ሥነ ምግባር አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ሌላውንም ቃል አብራችሁ አስቀምጡት።

እኔ በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ዝም አልልም።