ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ቤቱን በፈቃዱ የሚዘጋው ለምንድን ነው?



በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ቤቱ የተቀመጠውን «አዋቂ»፤ የወጣውን ደግሞ «ያልገባው» እያልን ስንፈርድ እንደ ነበረ አንባቢዎች ያስታውሳሉ። ይህ ፍርድ በመሥሪያ ቤታችን ዛሬም ሲነገር ስለምሰማ፤ ነገሩን ከሌሎች አገሮች ጋር እያስተያየሁ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

ብዙ ሰው ሕዝብን ቤቱ ያስቀመጠው የመንግሥት ትእዛዝ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን የአሜሪካ የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ኦስተን ጉልዝቢና ቻድ ሲቨርሰን ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆኑ የንግድ ቤቶችን ደንበኛ በተንቀሳቃሽ ስልክ ምልክት መርምረው፤ ገበያተኛው በ60 ከመቶ ሲቀንስ ከ60ው በሕግ ክልከላ የቀነሰው 7ቱ ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። የቀረው ሕመሙን ፈርቶ በገዛ ፈቃዱ የቀረ ነው። ጃፓንም በዚያው ዓመት ያወጀችው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከቤቱ በወጣ ሰው ላይ ቅጣት የሌለው፤ ልመና ብቻ ነበረ፤ ሆኖም የቶኪዮ ጎዳናዎች ጭር ብለው ታዩ።

ፍርሃት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቤት መቀመጥ ገንዘብ ይጠይቃልና። ስዊድን ይህን ስላወቀች፤ የታመመ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ቀን ከደመወዙ የሚቈረጥበትን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መንግሥት እንዲተካለት አደረገች፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሳይሳቀቅ እንዲቀር ነው።

በእኛም አገር በዚያው መጋቢት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች አብዛኞቹ በቤታቸው እንዲሠሩ ሲወሰን፤ እኔ ደመወዜ ሳይጎድል ተቀመጥሁ። በሰፈራችን ጉሊት የምትቸረችረው እናት ግን ሽንኩርቷን ይዛ በማለዳ ትወጣ ነበር። በሽታውን ከእኔ አሳንሳ አልፈራችም፤ እንዲያውም የተጠጋትን ደንበኛ «እባክህ ራቅ በል» ትል ነበር። አምስት ሰው በአንድ ክፍል ለሚያድርበት ቤትስ «ራስህን ለይ» ማለት ወዴት ሂድ ማለት ነው?

አዋጁ ምንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። በእኛ ዘንድ ለቅሶ አለመድረስ እጅግ ያስቀይማል፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ግን የቀረው ሁሉ «አዋጅ ነው» ለማለት በቃ። ሕጉ ከማስገደዱ ይልቅ ይሉኝታን ማንሣቱ የበለጠ ሠርቷል ባይ ነኝ።

አሁን ለሚመጣው ወረርሽኝ ዕቅድ የሚያሰናዱ ሹማምንት አሉ። የጉሊት ነጋዴዋ ለ14 ቀን ቤቷ ብትቀመጥ እንጀራዋ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ከወዲሁ ጽፈውት እንደ ሆነ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጹልን እወዳለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ