ነጩ የጸደይ አበባና የእኛ ክረምት

ዛሬ ስለ ነጭ ዳፎዲል እንጨዋወታለን። ነገሩን ያስጀመሩኝ ካዛንቺስ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው።

ልጃቸው እንግሊዝ አገር ትኖራለች። በ2014 ዓ.ም. ልትጠይቃቸው ስትመጣ ስድስት ራስ ዳፎዲል በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ዳፎዲል የሚተከለው እንደ ቀይ ሽንኩርት ባለ ራሱ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ነጭ፣ አፉን እንደ መለከት የከፈተ አበባ ያሳያል። እማማ እንደ ማንኛችንም ዝናብ ጠብቀው ሰኔ ላይ በግቢያቸው በር አጠገብ ተከሉት። ጥቂት ቅጠል ብቅ አለ፤ አበባ ግን የለም። ነሐሴ ላይ ቆፍረው ቢያዩት ራሱ በስብሶ እጃቸው ላይ ፈረሰ። «የእኔ እጅ ለአበባ አልተባረከም» አሉና ተዉት። ልጃቸው ስልክ ደውላ ስትጠይቃቸው ግን «በቅሏል፣ ያምራል» አሏት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አብዛኛው የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፣ እማማም ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ልጅ ደግሞ ደወለች። «እማዬ፣ አበባዬን ነቅለሽ ይዘሽው ሄድሽ ወይ?»

እማማ ወደ እኔ የመጡት ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ከነሣቸው በኋላ ነው። «ምን ብዬ ልንገራት? ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻታለሁ» አሉኝ። እስቲ መጀመሪያ አበባው ለምን እንደ ሞተ እንይ አልኳቸው።

ዳፎዲል በተፈጥሮው በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያለ ተክል ነው። በዚያ አገር በጋው ደረቅ ነው፤ ያኔ ራሱ ከመሬት በታች ይተኛል። ከበጋው በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ሥር ይሰድዳል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ይበርደዋል፤ አበባው እንጨቱን አስረዝሞ የሚወጣው ይህን ብርድ ከጠገበ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ዓይነቶች ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ሁሉንም ታሞቀዋለች። በዚያ ላይ ተክሉ ደርቆ መተኛት በሚገባው ወራት እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል። እንግዲህ እማማ ሰኔ ላይ ሲተክሉት፣ የተኛውን ሰው ውኃ ውስጥ እንደ ማስተኛት ነው የሆነው። እጃቸው ምንም ጥፋት የለበትም።

(ጸደይ የምንለው ራሱ ግራ ያጋባል። በአገራችን አቈጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ወቅት ነው፤ በአደይ አበባ የምናውቀው መስከረም ግን የክረምቱ መውጫ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ማሸጊያ ላይ «በጸደይ ያብባል» የሚል ብታነቡ በወር ስም አትመሩ።)

ታዲያ ለእኛ ከተማ የሚሆን ነጭ ዳፎዲል የለም ማለት ነው? አለ። ፔፐርዋይት ይባላል፤ በላቲን ስሙም እንደ ወረቀት ያለ እንደ ማለት ነው። አበባዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በአንድ እንጨት ላይ በርከት ብለው ይወጣሉ፤ ከዳር እስከ መሐል ንጹሕ ነጭ ናቸው። ዋናው ነገር ግን ብርድ አይፈልግም። «ዚቫ» የሚባለው ዓይነቱ እስራኤል ውስጥ የተገኘ ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ጽዋ ያለው ናርሲስ፣ ዛሬም በሳሮን ሜዳ በዱር ይበቅላል። በመኃልየ መኃልይ ውስጥ የሳሮን ጽጌረዳ ተብሎ የተተረጎመው አበባ ዛሬ የምናውቀው ጽጌረዳ ሳይሆን ይህ ሊሆን ይችላል የሚሉ የዕፅዋት አዋቂዎች አሉ። ሌሎች ሌላ ይላሉ፤ እኔ ግን ለናርሲሱ አደላለሁ።

ስትመርጡ ራሱን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ጠንካራና ከበድ ያለውን ውሰዱ፤ ለስላሳ ወይም ሻጋታ ያለበትን ተዉት። ትልቁ ብዙ አበባ ይሰጣል። «ማውንት ሁድ» ወይም «ታሊያ» የሚል ስም ያለው ከመጣላችሁ ሁለቱም እጅግ ያማሩ ነጮች ናቸው፤ ነገር ግን ብርድ ፈላጊዎች ናቸውና ሦስት ወር ከግማሽ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ሊኖርባችሁ ነው። ከፖም፣ ከሙዝና ከአቮካዶ ጋር አታስቀምጡት። ፍሬዎቹ ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለችውን የአበባ እንቡጥ ይገድላታል። ይህን ሁሉ ደክማችሁም በሁለተኛው ዓመት ማበቡን እጠራጠራለሁ። እኔ ብሆን አልደክምበትም።

እዚህ ላይ እናቶች ልብ በሉ። የዳፎዲል ራስ መርዛማ ነው፤ ሽንኩርት መስሏቸው ወጥ ውስጥ ከትፈው የጨመሩ ሰዎች በብርቱ ትውከት ተሠቃይተዋል። ፍሪጅ ውስጥም ሆነ ዕቃ ቤት ስታስቀምጡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ለቤት ሠራተኛችሁም ንገሯት። (ከዚሁ ተክል የሚወጣው ጋላንታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ ለመርሳት በሽታ ሕሙማን መድኃኒት ነው። ይገርማል።)

ሌላው ጉዳይ ሻንጣው ነው። ዳፎዲልን የሚያጠቃ ዓይን የማያየው ትል አለ፤ ያው ትል ቀይ ሽንኩርትንና ነጭ ሽንኩርትንም ያጠፋል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ተክል ከዚያ አገር የጤና ምስክር ወረቀት፣ ከዚህ ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። «ስድስት ራስ ምን ያደርጋል?» አትበሉ። የእማማ ልጅ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን አላወቀችም ነበር።

አሁን ወደ ተከላው። ጊዜው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው። ፔፐርዋይት ከተተከለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚያብብ፣ ኅዳር 15 ገደማ የተከለ ሰው ለገና አበባ ይኖረዋል። ቂርቆስ አካባቢ በጠባብ ግቢ ለምትኖሩ የቀለም ባልዲ ወይም የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይበቃችኋል፤ ሥሩን ብሱት። ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ትኩስ እበት አታድርጉበት፤ ራሱን ያበሰብሰዋል። ወደ አቃቂ በኩል የሄዳችሁ፣ ያ ጥቁር መረሬ ውኃ ይዞ ስለሚያስቀር መሬት ላይ አትትከሉ። የራሱን ሹል ወደ ላይ አድርጋችሁ ጫፉ ብቻ እንዲታይ ቅበሩትና የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት አስቀምጡት። ቅጠሉ ሲረዝም መውደቅ ይወዳል፤ በዘንግና በክር ደገፍ አድርጉት።

አፈር ለሌላችሁ ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጠጠር ሙሉና ራሱን ጠጠሩ ላይ አስቀምጡ። ውኃው የራሱን ቂጥ ብቻ ይንካ። ያብባል። ነገር ግን እንዲህ ያበበው ጉልበቱን ጨርሷልና ለከርሞ አይሆንም።

በአፈር ያደገው አበባው ሲረግፍ ቅጠሉን እንዳትቆርጡ። የከርሞውን አበባ የሚመግበው ያ ቅጠል ነው፤ በራሱ ጊዜ ቢጫ እስኪሆን ውኃ ስጡት፤ ጥቂት የእንጨት አመድም ይወዳል። ከዚያ ውኃውን አቁሙ፤ ከሰኔ በፊት ራሱን አውጡት፤ በጥላ አድርቁና ክረምቱን በደረቅ ቦታ አሳልፉት። ዝናቡን ማምለጥ የሚቻለው እንዲህ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚበዛባችሁ ካላችሁ ካላ ሊሊን ትከሉ። እንደ ጽዋ የተጠቀለለው፣ በየሠርጉ የምታዩት ነጭ አበባ ነው፤ ክረምታችንን በጣም ይወደዋል። ሳይንሳዊ ስሙ «የኢትዮጵያ» የሚል ቃል አለበት፤ ነገር ግን ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በጥንት ጊዜ አውሮፓውያን አፍሪካን በጅምላ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ነው። የእርሱም ፈሳሽ አፍ ያቃጥላልና ሕፃን እንዳያኝከው።

እማማ በመጨረሻ ለልጃቸው እውነቱን ነገሯት። እኔ ፊት ነበር የደወሉት። ልጅቱ ዝም አለችና «ሰኔ ላይ ትከይው፣ ዝናብ ይወዳል ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ» አለቻቸው። ቀጥሎ ፈቃዱን በወጉ አውጥታ አሥር ራስ ፔፐርዋይት ላከች። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ በሁለት የቀለም ባልዲ ተከልናቸው፤ በገና ዋዜማ ስምንቱ አበቡ። ሁለቱ ቅጠል ብቻ ሆኑ። እማማ ፎቶ አንሥተው ላኩላት።

ሽታውን ግን አልወደዱትም። ፔፐርዋይት ጠንካራ ሽታ አለው፤ አንዳንዱ ሰው ራሱን ያዞረዋል። ቀን እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ያስገቡታል፤ ሲመሽ ባልዲውን ገፍተው በረንዳ ላይ ያሳድሩታል።