ፊቴን በወይን ጠጅ ቀለም ስለ መሣል

በቤተ መጻሕፍታችን በር አጠገብ የተለጠፈውን፥ ግንባሩ ብጫ፥ ጉንጩ ወይን ጠጅ፥ ጠጉሩ ሰማያዊ የሆነውን ሥዕል አይታችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፥ ያ ፊት የእኔ ነው። ስለዚሁ ሥዕል ሁለት ነቀፌታ ደርሶኛልና ጥቂት መልስ ለመስጠት እወዳለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ይህን ስልክህ ባንድ ንክኪ ይሠራው የለምን?» አለኝ። አንድ መምህሬ ደግሞ «ፎቶግራፍ ተከትሎ መሥመር ማስኬድ መሣል አይባልም» አሉኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንክስኬፕ በሚባለው፥ ያለ ዋጋ በሚገኘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፎቶግራፌን ከሥር አንጥፌ፥ በላዩ ነጥብ በነጥብ እየተከልሁ ፊቴን ዞርሁት። በሁለት ነጥብ መካከል ያለው መሥመር እንደ ተፈለገው ይጐብጣል፤ ይህም ጉብጠት የሚጠራው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሬኖ ፋብሪካ የመኪና አካል ለመንደፍ በተጠቀመበት በፈረንሳዊው መሐንዲስ በፒዬር ቤዚዬ ስም ነው። ኮምፒዩተሩ መሥመሩን የሚይዘው በሒሳብ ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ እንደ ቴምብር ቢያንስ ወይም እንደ ግድግዳ ቢሰፋ አይደበዝዝም። ከዚያ በኋላ ብርሃኑን፥ ጥላውንና መካከለኛውን ለይቼ ለያንዳንዱ አንዳንድ ቀለም ሰጠሁ፤ ቀለም ከቀለም ማዋሐድ የለም። ፕሮግራሙ ፎቶግራፉን በራሱ እንዲነድፈው የሚያደርግ ትእዛዝም አለ፤ ብሞክረው ቅንድቤንና ከኋላዬ ያለውን የግድግዳ ጥላ አንድ አድርጎ ስላመጣልኝ ሰረዝሁት። በእጄ ስሠራ አፍንጫዬ ብቻ ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ከሦስቱም አንዱን የበላው የመብራት መጥፋት ነው።

ለመምህሬ በትሕትና የምመልሰው ይህ ነው። ፖፕ አርት በሚባለው የሥዕል ስልት ስመ ጥር የሆነው አሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል በ1962 (እ.ኤ.አ.) የሾርባ ቆርቆሮዎችን በ32 ሸራ ሥሎ አሳየ፤ በዚያው ዓመትም የማሪሊን ሞንሮን ፊት ከፎቶግራፍ ወስዶ አተመ። አምቦ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ የሰንቀሌን የውሃ ጠርሙስ ይደረድር እንደ ነበር አልጠራጠርም። ደግሞም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ቀለም ከቀለም ጎን ቆሞ በመካከሉ ጥቁር መሥመር ያለበት አይደለምን? የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልስ? ይሁን እንጂ መምህሬ ባንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ እስካሁን ያለ ፎቶግራፍ ጆሮ መሣል አልችልም።

ዋናው ነገር ግን የጓደኛዬ ጥያቄ ነው። ስልካችን ፊት የሚያሳምር ቁልፍ አለው፤ ሲነኩት ቆዳን ያነጣል፥ አፍንጫን ያቀጥናል። በክፍላችን በዚህ ሳያሳልፍ ፎቶግራፉን ለሰው የሚልክ ጥቂት ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሴ አፍንጫ ጋር የተነሣሁት ፎቶግራፍ አልነበረኝም። ለዚህ ሥዕል የሚሆን ፈልጌ ባጣ እንደ ገና ተነሣሁ። ነጥቦቹን ስተክል አፍንጫዬ ወደ ሄደበት መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ ጥቂት ላቀጥነው ብሞክር ሥዕሉ የሌላ ሰው ሆነ። በቀለሙ ዋሽቻለሁ፤ ግን በግልጽ ነው። ወይን ጠጅ ፊት ማንንም አያታልልም፤ ጥቂት የነጣ ፊት ግን ባለቤቱን ሳይቀር ያታልላል።

በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ከመካከላችን ጥቂት ስለ ሆነ፥ የኮምፒዩተር ክፍላችን ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢከፈትልን፥ በሚመጣውም ዓመት መጽሔት በተመራቂዎች ገጽ ላይ ከፎቶግራፉ ጎን እያንዳንዱ ራሱ የሠራው ፊቱ ቢወጣ መልካም ይመስለኛል።

ሥዕሉን በወረቀት አሳትሜ ባለፈው እሑድ ጉደር ለሚኖሩት አያቴ (አኮ ነው የምንላቸው) ወሰድሁላቸው። ቀለሙን አይተው «አሞህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ቆየት ብለው መነጽራቸውን አደረጉና «አፍንጫው ግን የአባትህ ነው» አሉ።