«ገበና ነው» እያልን እስከ መቼ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ በየጧቱ እንቅልፍ የሚጥላት አንዲት ልጅ ነበረች። ሰነፍ ናት አልንና ሰሌዳው አጠገብ አቁመን ተቆጣናት። በኋላ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ «አባቷ ማታ ማታ እናቷን ይደበድባል፤ እሷ እኛ ቤት ነው ሮጣ የምትመጣው» ብላ ነገረችን። አፈርን። ግን ከማፈር በቀር ምንም አላደረግንም። «የሰው ገበና ነው፤ እኛ ምን አገባን!» ተባባልንና ልምምዳችንን ጨርሰን ተመለስን።

ይህን የምንጽፈው ያ ዝምታችን ስለከነከነን ነው።

መኝታ ቤት ውስጥ ወሬው ሲነሣ «ሴትና አህያ ዱላ ያስማማታል» እየተባለ ይሳቃል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ባለትዳር ከነበሩ ወይም ከሆኑ ሴቶች ከ100ው 34ቱ በባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ከ100 ሴቶች 63ቱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ማለታቸው ነው። ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነበር!

ተመችዋ ራሷ «ይገባኛል» እንድትል ማን አስተማራት? ቤቱም ጎረቤቱም አስተምሯታል። ትምህርት ቤትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አርጩሜ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር፣ ሳይናገር የሚያስተምረው ጥፋት በዱላ ይታረማል የሚለውን ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። እንግዲህ ወንጀል ከሆነ ገበናነቱ የት ላይ ነው?

«ሽማግሌ አለ አይደል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ሽምግልናን አንንቅም። ነገር ግን እጇ የተሰበረችን ሴት «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ማስታረቅ አይባልም።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ያንን ተረት እንተው፤ አርጩሜውንም እንጣል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ስናይ ከመቆጣታችን በፊት ለብቻው ጠርተን «ምን ሆንክ?» እንበለው። የነገረንን ወሬ አናድርገው፤ አባትየውንም ጠርተን አንጠይቅ፤ እናትየዋን ለባሰ ዱላ እንዳርጋታለንና። ለርእሰ መምህሩ፣ ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ፣ ሲብስም ለፖሊስ ማስታወቅ ይቻላል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ በሚገባ አስተምራችሁናል። እንዲህ ያለች ልጅ ስታጋጥመን ምን እንደምናደርግ ግን አልተማርንም። የሚቀጥለው ቡድን ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን። እኛ ያቺን ልጅ ሰሌዳ ሥር አቁመናታል፤ ከኛ በኋላ የሚሄዱት አያቁሟት።